ልጄ ከነጀሶዋ የተጠመቀች ዕለት

ሦስተኛ ልጄ ስትወለድ ግራ እግሯ ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር። መርገጫዋ ሽቅብ ያያል። አዋላጇ ጠቅልላ ስትሰጠኝ "ጤነኛ ናት" አለችኝ። ከዚያ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። እኔም "ተመስገን" አልኩ። ቃሉ የለመደ ነው፤ ያን ቀን ግን ከአፌ የወጣው ቀስ ብሎ ነው።

ሮቤ ውስጥ፣ በሰፈራችን፣ እንደዚያው ሆኖ ተወልዶ እንደዚያው ያደገ ሰው ነበር። በእግሩ ጎን እየረገጠ ነበር የሚሄደው። የሚሆነው ጫማ ስለሌለ ጨርቅ ይጠቀልልበታል። በዝናብ ጊዜ ጨርቁ ጭቃ ይዞ ይከብደዋል። ጥሩ ሰው ነበር፤ ሰላምታው አይረሳም። ልጄን ባየሁ ቁጥር ግን እሱ ይታየኝ ነበር።

ክትባት ላስከትብ ስሄድ ነው አንዲት ነርስ የነገረችኝ። "ጎባ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አለ። እንዲህ ያለውን እግር ያለ ቢላ፣ ያለ ክፍያ ያቃናሉ። ሳይጠነክር ቶሎ ውሰጃት" አለችኝ። በማግስቱ ወሰድኳት።

ያን ጊዜ ወደ ጎባ የምንሄድባቸው ጠዋቶች አሁንም ይናፍቁኛል። ሚኒባሱ ከሮቤ ሲወጣ ጉሙ ገና ስንዴው ላይ ተኝቷል። ረዳቱ ሕፃን መያዜን አይቶ መስኮት ይዘጋልኛል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ማንም ትሁን ማን "ነጋ ቡልቴ?" ትለኛለች፤ እኔም ደኅና ማደሬን በእሷው ቋንቋ እመልሳለሁ። ጎባ ስንደርስ ብርዱ ይጨምራል። ልጄን ከደረቴ አስጠግቼ በጋቢ እሸፍናትና ዳገቱን እወጣለሁ።

ድርጅቱ የነበረበት ግቢ ሌሎችም ድርጅቶች ነበሩበት። በሩ ላይ ታፔላዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተሰቅለዋል። አንዱ ለዐይን ሕሙማን፣ አንዱ ለደን፣ አንዱ ባል ለሞተባቸው ሴቶች ልብስ ስፌት የሚያስተምር። ሁላችንም የምንጠብቀው በአንድ ረጅም አግዳሚ ላይ ነበር።

"ያንቺስ ለየትኛው ነው?" አለችኝ አንድ ቀን ከጎሮ በኩል የመጣች እናት።

"ለእግር።"

"እኔ ለዐይን ነበር የመጣሁት። ወረፋው እንዲህ ከረዘመ ችግኝ ይዤ መመለሴ ነው።"

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ብዙዎቻችን ጭንቅ ይዘን ነበር የምንመጣው፤ እዚያ ስንቀመጥ ግን ይቀለናል።

እግር የሚያቃናው ወጣት የጎባ ልጅ ነበር፤ ሙስሊም ነው። ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን። "ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ" ይላል። ያቺ የጎሮ ሴት "ፊዚ ምን? ተወን፣ ዶክተር ይቀለናል" አለችውና በዚያው ቀረ። ሥራው እንዲህ ነው። የልጄን እግር በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት ወደ ውጭ ያዞረዋል። ረዳቱ እግሩን ሳትለቅ ስትይዝለት ከጣቶቿ እስከ ጭኗ በጀሶ ይጠቀልለዋል። በሳምንቱ ጀሶውን ፈትቶ ጥቂት ያዞርና እንደገና ይጠቀልላል። "በአንዴ አይሆንም" ይል ነበር፤ "እግሩን እናባብለዋለን።" ጀሶው ከረጠበ ወይም ከወለቀ ግን እግሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን ደጋግሞ ነግሮናል።

ሌላም የነገረኝ ነገር ነበር። ድርጅቱ በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ሥራውን ዘግቶ ከጎባ ሊወጣ ነው። "ያንቺን ልጅ ከተቀበልኩ በኋላ አዲስ አልጨምርም። የጀመርኳቸውን መጨረስ አለብኝ" አለኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማውቀው ይህን ነበር፤ የልጄ እግር እስከ ሰኔ ካልቀና፣ እንደገና የሚጀምርላት የለም።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ጀሶውን አልወደዱትም። "ገና ሳትጠመቅ ኖራ ቀብተው ገነዟት" አሉ። አብረውኝ ጎባ አልሄዱም። እግሯን ያዩት በተወለደች ሰሞን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚያዩት ነጩን ጀሶ ነው። ልጅቷን ግን ከእጃቸው አያወርዷትም።

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የልጄ ሰማንያ ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ ላይ ዋለ። ለፊዚዮቴራፒስቱ ስነግረው "ግንባሯ ላይ ውሃ ይረጩላታል አይደል?" አለኝ።

"አይ፣ ትነከራለች።"

"መላ አካሏ?"

"መላ አካሏ። ሦስት ጊዜ።"

ጀሶውን በሐሳብ ተመለከተው። ሊጨረስ የቀረው ጥቂት ነበር። ከመሳቢያው ወፍራም ላስቲክ አወጣና ከጭኗ በላይ እንዴት እንደሚታሠር አሳየኝ። "ከረጠበ ደውሉልኝ። በራሳችሁ እንዳትፈቱት" አለ።

የንስሐ አባታችንንም ጠየቅኳቸው። "ጸሎቱን ላስቲክ አያግደውም፤ ልጅቷ ሕመምተኛ ናት፣ እግዚአብሔር ያውቃል" አሉኝ። ደስ አለኝ። አማቴ አጠገቤ ሆነው ሰምተዋል። መንገድ ላይ "ጫማ ሳያወልቁ ጥምቀት" ብለው አጉረመረሙ።

እሑድ ማለዳ ዝናብ ነበር። የበልግ ዝናብ፣ ቀጭንና የማያባራ። ክርስትና እናቷ ሕፃኗን እንድትይዝ፣ አማቴ ልብሷን እንዲያወልቁ ተስማምተን እኔ ከሴቶች ጋር ራቅ ብዬ ቆምኩ። ውሃው ሲነካት ጮኸች። ሜሮን ተቀባች፣ ማተብ ታሠረላት፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀበለች። ያን ያህል ደስታ ከዚያ በፊት የተሰማኝ አይመስለኝም። በነጭ ነጠላ ተጠቅልላ ስትሰጠኝ እጄን ከሥር ላኩ። ጀሶው እንደ ራሰ ዳቦ ለስልሷል።

"እማማ፣ ላስቲኩስ?"

"ፈታሁት።"

"ለምን?"

"በሙሉ እንድትጠመቅ ነዋ። አንድ እግሯ ከመንግሥተ ሰማያት በር ውጭ ይቅር?"

ያ ነገር እኔንም ውስጥ ውስጡን ሲያስጨንቀኝ ነበር። አባታችን ቢፈቅዱም ልቤ አልረጋም ነበር። አማቴ ከልባቸው ነው ያደረጉት። ጀሶው ግን በጨርቁ ውስጥ ቀስ በቀስ እየላላ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቼ ለፊዚዮቴራፒስቱ ደወልኩ። ከእንቅልፉ የተነሣ ይመስላል።

"ጀሶው ራሰ።"

"ፈታችሁት?"

"አልፈታነውም።"

"እንዳትነኩት። ቤት ሂዱና ለብ ያለ ውሃ አዘጋጁ። መጣሁ።"

"ዛሬ እሑድ ነው፤ ዕረፍትህ ነው" አልኩት።

"እግሩ እሑድን አያውቅም" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ቤት ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሎ እንግዳው ተቀምጧል። ባለቤቴ ዝናብ የያዘውን ሸራ በእንጨት ወደ ላይ እየገፋ ያፈሳል። እኔ ሰላምታ እየመለስኩ ዐይኔ በር በሩን ነበር። አማቴ ጓዳ ገብተው አልወጡም።

መጣ። ፀጉሩና ትከሻው በስብሷል፤ ጀሶዎቹን ግን በጃኬቱ ሥር ደረቱ ላይ ታቅፎ ነበርና አንዲትም ጠብታ አልነካቸውም። ላስቲኩን ማን እንደፈታው እየነገርኩት ወደ መኝታ ክፍል አስገባሁት። ዱካ ላይ ተቀመጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ዙሪያውን አየ።

"ሁለት ሰው ያስፈልጋል" አለ። "አንዱ እግሩን ይይዛል፣ አንዱ ይጠቀልላል። ረዳቴ ጎባ ነች።"

"እኔ ልያዝ" አልኩ።

"አንቺ አጥቢያት። ካልጠባች ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ትወራጫለች።"

ከዚያ ወደ ጓዳው በር ዞሮ "አዮ!" ብሎ ተጣራ። አዮ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። አማቴ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"እርስዎ ነዎት አሉ ላስቲኩን የፈቱት?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ይምጡና እርስዎ ይያዙልኝ።"

እጃቸውን በነጠላቸው እየጠራረጉ መጡ። እሱ የራሰውን ጀሶ ቀስ እያለ ላጠው። እግሯ ወጣ። ነጭ፣ የተሸበሸበ፣ ጥጥ የተለጣጠፈበት ትንሽ እግር።

አማቴ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ያኛውን ቀኝ እግሯን አዩ። ተመልሰው ግራውን አዩ።

"ተቃንቷል እኮ" አሉ።

"ገና ነው፣ አዮ። ጥቂት ይቀረዋል።"

"የተወለደች ዕለት እንዲህ ነበር" ብለው መዳፋቸውን ወደ ላይ ገለበጡ። "ይሄ ሌላ እግር ነው።" ወደ እሱ ቀና አሉ። "ዛሬ እኔ አበላሸሁት?"

"አላበላሹትም። ደርሰንበታል። ጣቶቿን እንዲህ ይያዙ። አጥብቀው። አይልቀቁ።"

"ስድስት ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ ልጅ መያዝ ልታስተምረኝ ነው?"

"የእነሱ እግር ቀጥ ያለ ነበር። ይሄኛውን እኔ እንደምልዎት ይያዙ።"

ያዙ። እሱ እግሯን ወደ ውጭ አዞረና እንዳለ ለአማቴ አስረከባቸው። ጥጡን ጠቀለለ። ጀሶውን ለብ ባለው ውሃ እየነከረ፣ እየጨመቀ፣ ዙሪያውን አዞረ። ከዚያ እጃቸውን አስለቅቆ በራሱ አውራ ጣት እየደገፈ እስኪደርቅ ጠበቀ። ልጄ እየጠባች አንቀላፋች። ከውጭ የእንግዳው ዕልልታ ይሰማል።

አማቴ ተነሥተው ወጡ። ወዲያው በጓሮ በኩል ለጎረቤታችን ሲናገሩ ሰማኋቸው። ጎረቤታችን ሙስሊም ነው። በእኛ አገር ድግስ ሲኖር ለሙስሊም እንግዳ የእስላም ድስት ለብቻው ይሠራል፤ የሚያርደውም ሙስሊም ነው። የዚያ ቀን ድስት ለጎረቤቶች ተሰጥቶ አልቆ ነበር።

"ዶሮዋን ያዝና ና እረድልኝ" አሉት።

"የትኛዋን? እንቁላል የምትጥልልዎትን?"

"እሷን።"

"እማማ፣ ያቺን እኮ ለማንም አልሰጥም ይሉ ነበር።"

"ለማንም አልሰጠሁም። ፍጠን አሁን፣ ሰውየው ሊሄድብኝ ነው።"

ሊሄድ ሲነሣ በሩ ላይ ቆሙ፤ አላሳልፍም አሉ። ዶሮው እስኪደርስ ተቀመጠ። ሲበላም አጠገቡ ቆመው "ብላ፣ አፈር ስሆን" ሲሉት፣ እሱ "አዮ፣ ከዚህ በላይ ከበላሁ ጀሶ የሚታሠረው ለእኔ ነው" ሲላቸው ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ጎባ የምንሄደው ሦስት ሆነን ነው። አማቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ልጆቻቸው ገና ክርስትና ላልተነሡ እናቶች ስለ ውሃ ያስጠነቅቃሉ። "የክርስትናዋን ቀን ቀድመሽ ንገሪው፤ በዚያው ዕለት ይፈታና ከጥምቀት በኋላ ያሥራል" ይላሉ። ፊዚዮቴራፒስቱም ከዚያ ወዲህ ማንኛዋንም ክርስቲያን እናት መጀመሪያ የሚጠይቃት የክርስትናውን ቀን ሆነ።

የመጨረሻው ጀሶ ከመታሠሩ በፊት ተረከዟ ላይ ጅማቷን በትንሹ ቆረጥ የሚያደርግ ሐኪም መጣ፤ ከሳምንታት በኋላ ያም ጀሶ ተፈታ። በብረት ዘንግ የተያያዙ ሁለት ትንንሽ ጫማዎች ተሰጣት። ስትተኛ እነሱን ማድረግ አለባት፣ አራት ዓመት እስኪሆናት። ሰኔ ሲገባ ድርጅቱ ተዘጋ። በመጨረሻው ቀን ፊዚዮቴራፒስቱ በፌስታል የተጠቀለሉ ጫማዎች ሰጠኝ፤ ቁጥራቸው እየጨመረ የሚሄድ። "ስታድግ የሚቀይርልሽ ስለሌለ" አለኝ። ሌሎቹንም እናቶች እንደዚያው እያደረገ ሸኛቸው። ያን ጫማ ማታ ማታ የሚያደርጉላት አማቴ ነበሩ። ማሠሪያውን ካጠበቁ በኋላ ያማትቡበታል።

እሳቸው ዐርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ስትሮጥ ግን አይተዋታል። ፊዚዮቴራፒስቱ የት እንዳለ አላውቅም። ወደ ሌላ ክልል ሄደ አሉ። ጸሎቴ ላይ ስሙን እጠራለሁ። በዚያ ግቢ በር ባለፍኩ ቁጥር ታፔላዎቹ የነበሩበትን ባዶ ብረት አያለሁ። አግዳሚውን ማን እንደወሰደው እንጃ። ያ ሁሉ ሰው፣ ለዐይን የመጣው፣ ለእግር የመጣው፣ ችግኝ ይዞ የሄደው፣ ዛሬ በየቤቱ ነው።

ልጄ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ግራ እግሯ ከቀኙ ትንሽ ያንሳል፤ ባቷም ቀጠን ይላል። ጫማ ስንገዛ በቀኙ ልክ እንገዛና ግራው ላይ ገበር እንጨምራለን። ይህ አንዳንዴ ያበሳጫታል። እኔ የማውቀውን እግር እሷ ስለማታውቀው ነው፤ አልቆጣትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማዋን የማጥበው እኔ ነኝ። ጭቃውን በእንጨት ከፍቄ፣ ውሃ አፍስሼ፣ ገልብጬ አየዋለሁ። የሁለቱም ሶል ያለቀው ተረከዙ ላይ እንጂ ጎኑ ላይ አይደለም፤ የግራውም እንደ ቀኙ። ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ።