የእህቴን ፊት ያጠራልኝ ሌንስ

ታናሽ እህቴ ጎንደር ውስጥ በአዳራሽ መረብ ኳስ ትጫወታለች። አዳራሹ ጨለም ስለሚል በካሜራዬ ሳነሳት ሁልጊዜ ፊቷ ይደበዝዝብኝ ነበር። አዲስ ካሜራ ልግዛ ብል አቅሜ አልፈቀደም። ፎቶ ቤት ያለው ጓደኛዬ፣ «ካሜራሽን ተይው፤ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ያገለገለ ሌንስ ይበቃሻል» ብሎ አንዱን አስሞከረኝ። ሌንሱ ሩቁን ስለማያቀርብ ሜዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ዘላ ኳሱን ስትመታ አነሳኋት። ላቧ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ! ሌንሱን በማግስቱ ገዛሁት።

ፎቶውን አሳጥቤ ትክል ድንጋይ ከተማ ላለችው እናታችን ወሰድኩላት። ብዙ አየችውና፣ «ሸጋ ናት ልጄ፤ ምነው ግን እንዲህ አፏን ከፈተች?» አለችኝ።

«ኳሱን ስትመታ ትጮኻለች።»

«እሰይ፣ ትጩህ!» አለችና ከአባታችን ፎቶ አጠገብ ሰቀለችው።