ነውር የሌለባቸው ሁለት ጠቦቶች

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ሊጠይቁኝ አትላንታ በመጡ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ለሥራ ስወጣ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"በሰንበት ወዴት ነው?"

ያኔ ከአትላንታ ዳር ካለችው ከማሪዬታ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ እርሻ ላይ በግ እሸጥ ነበር። ሐበሻ በግ የሚገዛው ደግሞ ቅዳሜ ነው። ብለምናቸው አልሰሙኝም። መውጫ ሳጣ፣ በልጅነቴ ራሳቸው ያስተማሩኝን መዘዝኩባቸው።

"አባባ፣ በኦሪቱ ዘመን ካህናቱ በሰንበት መቼ አረፉ? ከየዕለቱ መሥዋዕት ሌላ ነውር የሌለባቸው ሁለት የዓመት ጠቦቶች ይጨምሩ የለ? የእኔስ በምን ተለየ?"

ከዚያ ጋቢያቸውን ደረቡና "እንግዲያው ጠቦቶቹን ልያቸው" ብለው መኪና ውስጥ ገቡ።

ፓርክ አድርጌ ሳልጨርስ በረት ውስጥ ናቸው። የአንዱን ጥርስ ይገልጣሉ፣ የሌላውን ሰኮና ያነሳሉ።

"ይሄ ያነክሳል። ይሄ ዓይኑ ሞጭሟጫ ነው። የእነዚህ ሁሉ ጆሮ ተበስቷል!"

ጆሮው የተበሳው ለቁጥር መለያ ነው። ገና ቁጥር ያልገባላቸው ሁለት ጠቦቶች ብቻ አለፉ። የእርሻው ባለቤት አሜሪካዊ ነው፤ ሽማግሌው ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ።

"በጎችህን ወደዋቸዋል" አልኩት።

ወረፋ የያዙት ሐበሾች ግን ሁሉንም ሰምተዋል። ከዱሉዝ የመጣች ሴት "እሳቸው ያሳለፉት ካልሆነ አልገዛም" አለች። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ አንዱን ጠቦት ቀድሞ አንገቱን ያዘ። ሊጣሉ ሲሉ አባቴ መሃል ገቡ።

"ልጆቼ፣ እነዚህ የእግዚአብሔር ድርሻ ናቸው፤ አይነኩም። ለእኛ ለነውረኞቹ ነውረኛው ይበቃናል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ የሚያነክሰውን ገዛች። እስከ ቀትር ከሁለቱ ጠቦቶች በቀር አንድም በግ አልቀረም። ባለቤቱ የአባቴን እጅ ጨብጦ "ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጡልኝ በላቸው" አለኝ። ይህንንም አልተረጎምኩም።

ስንመለስ አባቴ ብዙ መንገድ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያዩ ሄዱ። እኔ ረትቻለሁ ብዬ ደስ ብሎኛል።

"ካህናቱ ያልተነቀፉት መቅደስ ውስጥ ስለነበሩ ነው" አሉ በመጨረሻ። "አንተ ያለኸው ጆርጂያ ነው።"

አፈርኩ። ሰኞ አለቃዬን፣ የእርሻውን ባለቤት፣ የቅዳሜ ሺፍቴን ቀይርልኝ ብዬ ለመንኩት። ቅር እያለው እሺ አለና እሑድ ላይ መደበኝ።

እሑድም ሰንበት ነው። ይህን ለአባቴ እንዴት እንደምነግራቸው ሳሰላስል ሳምንቱ አለቀ።