ሦስት ጊዜ የሚጣራ ፕሮግራም

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከባሕር ዳር ስመለስ ማክሰኝት ኬላ ላይ መኪናውን አስቆሙት፤ ሁላችንም ወርደን ቦርሳችንን ከፈትን። የእኔ ውስጥ ላፕቶፕ፣ ቻርጀርና ለእናቴ የገዛሁት ጫማ ነበር። ጎንደር ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቶ ስለነበር፣ ሥራዬን ለመላክ መጓዝ ነበረብኝ።

ፈታሹ ላፕቶፑን አስከፈተኝ። ጥቁር ስክሪን፣ ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

ብልህ ሴት ብትሆን «የቢሮ ሥራ ነው» ብላ ታልፍ ነበር። እኔ ግን ጠያቂ ካገኘሁ ወሬ አልቆጥብም።

«ዲበገር ይባላል» አልኩት። «ሌላ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ አስቁሞ ውስጡን የሚያይ ነው።»

እዚህ ላይ እንኳ ዝም አላልኩም። እንዴት እንደሚያስቆመው፣ ካስቆመው በኋላ ምን እንደሚያይ፣ እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ሥራዬ እንደዚያ ልብ ብሎ የሰማኝ ሰው አልነበረም።

«የሰውን ውስጥ ነዋ የሚያየው» አለ ስጨርስ።

«የፕሮግራሙን።»

ዞሮ አለቃውን በእጁ ጠራው። መኪናው ያለ እኔ ሄደ።

የታሰርኩበት ክፍል ጎንደር፣ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ኖራ በጥፍርና በሚስማር ተጫጭሯል። በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። የቆርቆሮ በር፣ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ መሬቱ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ። ቀድመውኝ የታሰሩት ሴቶች ሳያንሾካሽኩ፣ ሳይጠይቁም፣ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

ከጎኔ የነበሩት ከአዲ አርቃይ በኩል የመጡ እናት ናቸው። መናኸሪያ ላይ የቋጠሩት ጨርቅ ተፈትቶ ፋሻና የቁስል መድኃኒት ተገኝቶባቸው ነው የገቡት።

«ለማን ነው አሉኝ» ብለው አጫወቱኝ። «ለቁስል ነው አልኋቸው። የማን ቁስል ቢሉኝ፣ ቁስል ደግሞ የማን አለው?»

ሴቶቹ ይህን ጨዋታ ብዙ ጊዜ ሰምተውታል መሰለኝ፤ ግን ሳቁ። እኔም ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

«አንቺስ ምነው ልጄ? ምን አርገሽ ነው?»

እንደገና ማስረዳት ጀመርኩ። ይኸ የእኔ በሽታ ነው።

የምሠራው አጫጭር ፕሮግራሞች በሚጻፉበት አንድ የስክሪፕት ቋንቋ ላይ ነበር። ፕሮግራም ሲሳሳት የት ላይ እንደሳተ አይናገርም። ዲበገር ግን መሃል መንገድ ላይ አስቁሞ የያዘውን ሁሉ ያሳያል። የእኔ ድርሻ ለዚያ ዲበገር በር መሥራት ነው፤ ማለትም ሰው ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን እርምጃ በጣቱ ከሚያስኬድ፣ የሚፈልገውን አስቀድሞ ጽፎ እንዲያዘው። «ሂሳቡ ከዜሮ ሲያንስ ብቻ ቁም፤ ወደዚህ ማን እንደላከህ ጻፍልኝ፤ ከዚያ ቀጥል» ይለዋል። ሰውየው ወደ ሌላ ሥራው ሲሄድ ዲበገሩ ይጠብቅለታል። አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች በየአገሩ የተበተኑ፣ መልካቸውን አይቼ የማላውቃቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ የተማርኩት ከወንድሜ ጨርቅ ሱቅ ጓዳ፣ ጣቃ ላይ ተቀምጬ፣ መጀመሪያ በስልክ ነው።

በዚያው ቋንቋ ለወንድሜ የሽያጭ ፕሮግራም ሠራሁለት። ሲበላሽ ከቤት ሆኜ በዲበገሩ እየገባሁ አስተካክልለት ነበር። አንድ ቀን ደንበኛ ፊት ቆሞ ጨርቅ ሲለካ ገብቼ ፕሮግራሙን አስቆምኩት። እሱ ማሽኑ የሞተ መሰለው፤ ሶኬቱን ነቀለው፤ የቀኑ ሽያጭ ጠፋ። ማታ መጣና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣

«የሰው ቤት እንዲህ ነው የሚገባው?» አለኝ። «ደጅ ቆመሽ 'ቤቶች!' ትያለሽ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ካልተመለሰልሽ ወደመጣሽበት ትሄጃለሽ። አባባ ይኸን አላስተማረሽም?»

አስተምሮኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ የእኔ ዲበገር ማንም ዘንድ ሲሄድ መጀመሪያ የባለቤቱ ስክሪን ላይ «ቤቶች!» ይላል። «ግቡ» የሚለውን ከተጫኑለት ይገባል፤ ሦስት ጊዜ ተጣርቶ ዝም ካሉት ይሄዳል። ውጭ ያሉት ባልደረቦቼ ሥራ ያጓትታል ብለው ተከራከሩኝ። በአንቺ ቅጂ ውስጥ ይቆይ ብለው ተውልኝ።

«ካልመለሱለት እውነት ይመለሳል?» አሉኝ እናትየዋ።

«ይመለሳል።»

«ሸጋ ነው። ከሰው ይሻላል።»

ወዲያው የቆርቆሮው በር ጓ ብሎ ተከፈተ፤ ጠባቂው ውኃ አምጥቶ ነው። እሳቸውም ቀና አሉና፣ «አያ፣ ምነው እንደዚች ልጅ መኪና አንተም ብትጣራ?» አሉት።

«የምን መኪና?»

ክፍሉ በሙሉ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ይስቃል።

መርማሪው መጀመሪያ ለማን እንደምሰልል ሲጠይቀኝ ሰነበተ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ወንበር ሳበልኝ። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፔ ተከፍቶ ነበር። አጠገቡ አንድ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ተቀምጧል፤ የጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ያዳምጣል እንጂ አይናገርም።

«እህቴ፣ ሳንሳሳት አልቀረንም» አለ መርማሪው። «ጎበዝ ልጅ ነሽ። የከተማው ፋርማሲዎች ያንቺን የሽያጭ ፕሮግራም ነው የሚጠቀሙት፤ አይደል?»

«አንዳንዶቹ።»

«ይኸ ዲበገርሽ ደግሞ ከሩቅ ይገባበታል።»

«ኢንተርኔት ካለ ይገባል።»

«ኢንተርኔቱ ለፋርማሲዎቹ ይከፈታል። እንግዲህ እንዲህ በይው። ፋሻና የቁስል መድኃኒት በርከት ብሎ ሲሸጥ ቁም። የገዢውን ስልክ ጻፍልኝ። ቀጥል። ባለቤቱ ምንም ሳያይ።»

ሥራዬን ከእኔ አሳጥሮ ነው ያስረዳው። የገዢ ስልክ የሚሞላበትን ቦታ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ የጠፋ መድኃኒት ሲመጣ እንዲደወልላቸው ብዬ።

«እስቲ አሳዪኝ» አለ።

እዚያው ላፕቶፑ ላይ ለሙከራ የማስቀምጠው ሽያጭ ፕሮግራም ነበር። ዲበገሩን ወደ እሱ ላክሁት። «ቤቶች!» አለ። እጄን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ትንሽ ቆየና ደገመ። ቆየና ሠለሰ። ከዚያ መስኮቱ ተዘጋ።

መርማሪው ከልቡ ሳቀ። «አይ ጎንደሬ ማሽን! መልሺለታ!»

«የፋርማሲው ባለቤት እኔ አይደለሁም።»

«በይ ይችን መስመር አውጪያት።»

ባለሙያው ያኔ አፉን ከፈተ። «በፋርማሲዎቹም ማሽን ውስጥ አለች። ከዚያ የምትወጣው አዲስ ቅጂ ሲላክላቸው ነው። የሚላከው ደግሞ በሷ የይለፍ ቃል ብቻ ነው።»

«ምን ያህል ይፈጃል?»

«ለሷ? ሻይ እስኪፈላ።»

መርማሪው ወደኔ ዞረ። «ዛሬ እናትሽ ቤት ታድሪያለሽ።»

አላሰብኩበትም አልልም። የእናቴን ቤት በር አሰብኩ፤ ገላዬን ስታጠብ አሰብኩ። በፋርማሲው ባንኮኒ ላይ ገንዘብ የቋጠሩበትን ጨርቅ የሚፈቱ ሴቶችንም አሰብኩ፤ ከየት እንደመጡ፣ ለማን እንደሚገዙ የማላውቃቸውን። መርማሪው በሩን ከፈተና ወንድሜን አስገባው።

ወንድም ጋሼ ነው የምንለው፤ የቤቱ ታላቅ ነው። ጺሙ አድጓል። ምሳ ዕቃውን በጨርቅ አስሮ ይዟል፤ ጠባቂው እንደ ደንቡ ከምግቡ አስቀምሶታል መሰለኝ፣ ከንፈሩ ላይ ወጥ ነበር። ተቀመጥ ሲሉት ተቀመጠ።

«ደህና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። እማማስ?»

«ደህና ናት። እንቅልፍ የላትም እንጂ።» ምሳ ዕቃውን ወደኔ ገፋ አደረገው። «አንዲት መስመር ናት አሉኝ። አውጥተሻት ነይ፤ ወደ ቤት እንሂድ።»

«የቷ እንደሆነች ነገሩህ?»

«እኔ ምኑን አውቄው።»

«ሦስት ጊዜ የምትጣራዋ ናት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ፋርማሲዎቹ ዘንድ ሳይጣሩ ሊገቡ። ፋሻ ማን እንደሚገዛ ሊያዩ።»

መርማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሜ መዳፉን አየ፤ ጨርቅ ሲለካ የሚያደርገው ነው፣ ልኬቱ ሲጠፋው። አውጪያትም አላለኝ፣ ተያትም አላለኝ። ብድግ አለና፣

«ምግብሽን ብዪ፤ ይቀዘቅዛል» አለኝ።

«ምን አልካት?» አለው መርማሪው፣ ሰምቶት ሳለ።

«ብዪ አልኋት።»

ወጣ። ባለሙያው ላፕቶፑን ወደኔ አዞረው። መስመሯን አግኝቷት ነበር፤ ጠቋሚው መጀመሪያዋ ላይ ቆሞ ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ ቁልፍ፣ ከዚያ የይለፍ ቃል። ላፕቶፑን በሁለት እጄ ከደንኩት። የተጠላለፈውን ቻርጀር ፈታሁና ጠቅልዬ ላዩ ላይ አስቀመጥኩት፤ ለሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው። ከዚያ ወደ መርማሪው ገፋ አደረግሁት።

«አላወጣትም።»

«ምክንያት?»

«ባለቤቶቹ አልመለሱም።»

አልጮኸም። ሰዓቱን አየ። «መልሷት» አለ ለጠባቂው። ምሳ ዕቃዬን እንድይዝ ፈቀደልኝ።

«ምነው ቶሎ መለሱሽ?» አሉኝ እናትየዋ። ጨርቁን ፈታሁት፤ ምስር ነበር። እናቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ሥጋ ልካ አታውቅም። እኛ ያረድነውን ክርስቲያኖቹ እንደማይበሉ ታውቃለች፤ አብራኝ የምትበላው ማን እንደሆነች ግን አታውቅም ነበር። ሁላችንም ከበብነው። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ወሬ የምወድ ሴት ብሆንም ያን ቀን በጣም አሳጠርኩት። እናትየዋ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱኝና ሌላ አልጠየቁኝም።

ከዚያም በኋላ ቆየሁ። እናትየዋን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ ወዴት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። እኔን አንድ ጠዋት ጠርተው ውጪ አሉኝ፤ ሲያስገቡኝ ምክንያት እንዳልነገሩኝ ሁሉ ሲያስወጡኝም አልነገሩኝም። ላፕቶፑ አልተመለሰም።

አሁን በሌላ ማሽን እሠራለሁ። የድሮው ኮድ የቀረልኝ ውጭ አገር ላሉት ባልደረቦቼ ልኬላቸው የነበረው ነው፤ የጎደለውን ከራሴ ሞላሁት። አሁንም ሲሞክሩት ቀርፋፋ ነው ይሉኛል። ነው። አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ታሪኩን ሲሰሙ ጀግና ሊያደርጉኝ ይፈልጋሉ። በማግሥቱ ቢጠሩኝ፣ በሳልስቱ ቢጠሩኝ፣ እናቴን ይዘውብኝ ቢመጡ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ያን ቀን መስመሯን አላወጣኋትም፤ የማውቀው ይኸን ነው። ሁለተኛ ለምን እንዳልጠየቁኝ የገባኝም ከወጣሁ በኋላ፣ አንዲት ፋርማሲስት ስትነግረኝ ነው።

ወንድሜ ያን ዕለት ከጣቢያው ሲወጣ ወደ ቤት አልሄደም። ስልክም ለማንም አልደወለም። ከፒያሳ ጀምሮ በእግሩ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረ። ገብቶ ሰላም ይላል፤ ሰው እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ከዚያ «የእህቴን ፕሮግራም ላጠፋው ነው የመጣሁት፤ ወደ ደብተራችሁ ተመለሱ» ይላል። ለምን ብሎ የጠየቀው አንድ ብቻ ነበር አለችኝ። አዘዞ ያለችውን የመጨረሻዋን ሲጨርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር። ከዚያ ሱቁ ተመልሶ የራሱንም አጠፋ፤ ማሽኑን ካርቶን ውስጥ ከተተው፤ ከጣቃው ኋላ ቆመና ደንበኛ ተቀበለ።