ቢተው የተረፈበት ፊልም

እንጅባራን ዛሬም በድሮ ስሟ ቆሰበር የሚሉ ሰዎች መምህርት ምህረቴን «የቢተው አስተማሪ» ይሏታል። በእሷ እጅ ያለፈ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ያንን መጽሐፍ ሳይሰማ፣ ሰምቶም ሳያለቅስ አልወጣም። ሽፋኑ ገና ዳንግላ ስታስተምር ተገንጥሎ ስለጠፋ ትክክለኛ ርዕሱን የሚያስታውስ አልነበረም። ሁሉም «የጥሩዬና የቢተው መጽሐፍ» ነው የሚለው።

ጥሩዬና ቢተው ከቆላ ተነስተው ደጋ ወዳለችው እናታቸው የሚጓዙ እህትና ወንድም ናቸው። መንገድ ላይ ቢተውን ወባ ይይዘዋል። ጥሩዬ ታዝለዋለች፣ በቅጠል ውሃ ቀድታ ታጠጣዋለች፣ እንዳይተኛ ተረት ታወራለታለች። ቢተው ግን ዳገቱን ሳያይ ይሞታል። እህቱ ዛፍ ሥር ትቀብረውና ብቻዋን ትደርሳለች። እናትዮዋ በር ላይ ቆማ «ወንድምሽስ?» ስትላት መጽሐፉ ያልቃል።

«ምነው ልጆቹን ታስለቅሻቸዋለሽ?» ብለው የመጡ ወላጆች ነበሩ። ምህረቴ መልሷ አጭር ነበር፤ «ማልቀስም ይለመዳል» ትላቸዋለች።

ለምን እንደዚያ እንደምትል ግን አትነግራቸውም። አባቷ ከአዘና ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። አንድ ዓመት እሷንና ታናሽ ወንድሟን ይኸነውን አስከትለው ለአጨዳ ወደ መተከል ቆላ ወረዱ። እናቷ ዋጋዬ ታናሽ እህቷን ወልደው አራስ ስለነበሩ ቤት ቀሩ። ሲመለሱ ይኸነው መንገድ ላይ በትኩሳት ነደደ። አባቷ ጀርባቸው ላይ አዝለውት ሲሄዱ እግሩ ሲወዛወዝ ከኋላ ታያለች። አንድ ቦታ ላይ መወዛወዙን አቆመ። አባቷ በዶማ ቆፈሩ፣ እሷ ድንጋይ አቀበለች።

እናቷ ወሬውን ሲሰሙ አላለቀሱም። ለለቅሶ የመጣውን ሰው ንፍሮ እያቀረቡ ሸኙና «ያላየሁትን ሞት አላለቅስም» አሉ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የይኸነው ስም አልተጠራም። ምህረቴም ሕፃን ነሽና ዝም በይ ሲሏት ዝም አለች። ትምህርት ቤት ገብታ፣ ማንበብ ለምዳ፣ ያ መጽሐፍ እጇ እስኪገባ ድረስ ዝም እንዳለች ነበረች። የጻፈው ሰው ያን ቀን ከኋላቸው እየተከተለ ያያቸው መሰላት። ለወንድሟ የመጀመሪያውን እንባ ያፈሰሰችው ክፍል ውስጥ፣ ዴስክ ላይ ተደፍታ ነው።

ይህን መጽሐፍ ለአንድ ልጇ ለሉቃስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንብባለታለች። ሉቃስ አድጎ አዲስ አበባ ገባና የፊልም ጽሑፍ መጻፍ ጀመረ። በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ሊጠይቃት መጥቶ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣

«እማዬ፣ የኛ መጽሐፍ ፊልም ሊሆን ነው። የምጽፈውም እኔ ነኝ» አላት።

«ምን ጎድሎት?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«መጽሐፉ ምን ጎድሎት ነው እንደ አዲስ የምትሠሩት?»

«አዲስ አበባ መጽሐፉን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ስንት ልጅ አለ መሰለሽ! ዝም ብንል እኮ ታሪኩ ይጠፋል።»

«ቢተውስ?» አለችው።

ሉቃስ ጎንበስ ብሎ የታሰረ ጫማውን ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ። «ፊልሙ የሚወጣው ለከርሞ ገና ነው። የሚያሠሩት ሰዎች፣ ሰው በበዓል ቀን ልጆቹን ይዞ ገብቶ አልቅሶ አይወጣም ይላሉ።»

«አይሞትም ማለት ነው?»

«ይታመማል። በጣም ይታመማል። ከዚያ የጭነት መኪና ያገኛቸዋል።»

«የምን መኪና? ያ አገር መንገድ ነበረው እንዴ?»

«እማዬ፣ ፊልም እኮ ነው።»

«ካልሞተ እንግዲህ ሌላ ስም ስጡት። ቢተው አትበሉት» ብላ ተነስታ ጓዳ ገባች። ሉቃስ በነጋታው ሲሄድ ሁለቱም ነገሩን አላነሱትም።

ፊልሙ በዓመቱ፣ የገና በዓል ካለፈ በኋላ እንጅባራ ደረሰ። ድምፅ ማጉያ የጫነ ባጃጅ ከተማውን ሲዞር ዋለ። ሉቃስም አብሮ መጥቶ ነበር። ምህረቴ እንደማትሄድ ቁርጡን ነግራው ሳለ፣ «እሺ አንቺ ቅሪ፣ እማማ ግን ስሜን ስክሪን ላይ ሳያዩ እንዴት ይቀራሉ?» አላት።

እማማ ዋጋዬ ከመንደር መጥተው እሷ ዘንድ መኖር ከጀመሩ ሰንበትበት ብለዋል። እርጅናው ዘልቆ ገብቶባቸዋል። የሞተውንና ያለውን እያምታቱ፣ ከማያዩት ሰው ጋር ይነጋገራሉ። ያችው በገበያ የለመዷት አማርኛም ትታቸው ሄዳ አገውኛው ብቻ ቀርቷል። ሉቃስ ደግሞ ከተማ ያደገ ነውና አገውኛ አያውቅም። ሰው በሞላበት አዳራሽ ብቻቸውን ምን ይሆናሉ ብላ ምህረቴ ሳትወድ ተከተለች።

ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ጆሯቸው ሥር እየተረጎመች አየችው። ጥሩዬ የሆነችው ልጅ ፀጉሯ የተሠራ፣ ጥርሷ እንደ ወተት ነበር። ረሃብ ያየች አትመስልም። ቢተው ወደቀ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ቀጥሎ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፣ ሙዚቃው ተለወጠ፣ ሾፌሩ ልጁን አንስቶ ጋቢና አስገባው። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ዓመታት አለፉና ቢተው ዶክተር ሆኖ፣ ነጭ መኪና እየነዳ እናቱ በር ላይ ቆመ። ሴቶቹ እልል አሉ።

«ምን ሆነ? ምን ሆነ?» አሉ እማማ ዋጋዬ የልጃቸውን ክንድ ጨብጠው።

ደጋግመው ሲጎትቷት ምህረቴ በአገውኛ፣ «ልጁ አልሞተም፤ አድጎ ለእናቱ መጣላት» አለቻቸው።

በባጃጅ ወደ ቤት ሲመለሱ እማማ ዋጋዬ መንገዱን ሲያዩ ቆዩና፣

«ታዲያ ይኸነው መቼ ነው የሚደርሰው?» አሉ።

ምህረቴ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ያን ስም ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም ነበር። ሉቃስ «ምን አሉ?» ሲላት ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጊቷ ሌላ ሰው ሆኑ። ማለዳ ታጥበው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወደ ቻግኒ፣ ወደ ቆላው የሚወስደውን መንገድ በሚያሳየው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ከቆላ የሚመጣ መኪና ባለፈ ቁጥር ይነሳሉ። ከምሳቸው ከፍለው «እርቦት ይመጣል» ብለው ይከድናሉ። ይስቁም ጀመር። ምህረቴ ለሉቃስ ደውላ አያቱ የሞተውን አጎቱን መጠበቅ እንደጀመሩ ስትነግረው «ደስ ብሏቸዋል እኮ፣ ምን አለበት?» አላት። እሷም እናቷ ሲስቁ እያየች፣ ለአንድ ሁለት ቀን፣ ምን አለበት ብላ ነበር።

ከበዓሉ ዕረፍት በኋላ ትምህርት ቤት ሲከፈት እንደ ወትሮዋ መጽሐፉን ይዛ ክፍል ገባች። ቢተው ዓይኑን መክፈት ያቃተው ቦታ ስትደርስ፣ ፋና የምትባል ፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አይሞትም እኮ።»

«ይተርፋል! መኪና ይመጣል!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ምህረቴ ማንበቧን ቀጠለች። ከኋላ አንዱ በከንፈሩ የመኪና ድምፅ አሰማ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥሩዬ ድንጋይ ስትሰበስብ እነሱ ጥሩምባ ሲነፉ፣ ደወሉ ተደወለ።

ያን ቀን ቤት ስትገባ እናቷን ከበረንዳው አስነስታ አልጋ ላይ አስቀመጠቻቸው። እጃቸውንም ያዘች።

«እማዬ፣ ይኸነው አይመጣም። እኔ ነበርኩ። አባዬ ሲቀብረው ድንጋይ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

እማማ ዋጋዬ እጃቸውን ነጠቁ።

«አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ ምን ታውቂያለሽ? ትኩሳት ሰውን እንደ ሞተ ያስተኛል። ተኝቶ ነው ጥላችሁት የመጣችሁት» አሉ። «እናንተ ስትሄዱ ሌላ ሰው አነሳው።»

ሲመሽም ሲነጋም ያው ነገር የምህረቴ ጭንቅላት ውስጥ ሲዞር ሰነበተ። ያ እግር መወዛወዙን ሲያቆም አይታለች። ግን ደረቱን አድምጠውት ነበር? አባቷ ነፍሱ መውጣቷን አረጋግጠዋል? ቸኩለው ነበር፤ ጅብ እንዳይደርስባቸው ቸኩለው ነበር። ድንጋዩን ስታቀብል ጣቱ ተንቀሳቅሶ ይሆን? ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ስሟ የምታውቀው ነገር በእጇ ላይ ተፈረፈረ። መጽሐፉን ብትከፍትም አልረዳትም። ፊደሉን እያየች መኪናው ይሰማታል።

ጥር ሲጋመስ ውርጭ ወረደ። አንድ ማለዳ ምህረቴ ስትነሳ የእናቷ አልጋ ባዶ፣ በሩ ክፍት፣ በረንዳው ላይ ውርጩ እንደ ጨው ነጥቶ ነበር። ጎረቤቷ አድማሴ ባጃጁን አስነስቶ በቻግኒ መንገድ ወረዱ። ከከተማው ወጣ እንዳሉ አገኟቸው። ከመንገዱ ዳር ባለ ድንጋይ ላይ፣ በባዶ እግራቸው ተቀምጠዋል። በነጠላቸው ጫፍ እንጀራ ቋጥረዋል።

«መኪናው አልፎኝ ይሆን?» ነበር ያሉት።

ብርዱ ሳምባቸው ገብቶ ነበር። ሆስፒታል ጥቂት ቀን ተኝተው እዚያው አረፉ። እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ሰው በገባ ቁጥር ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞሩ ነበር።

ሉቃስ ለቀብር ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ ማንም ሳይጠጋው፣ እሱም ወደ ማንም ሳይጠጋ ተቀመጠ። የእናቷ አገር ሰዎች ከአዘና መጡ። በግጥም የምታስለቅሰው እህተማርያም የምትባል ሴት ከመጀመሯ በፊት ወደ ምህረቴ ጎንበስ ብላ፣ «ልጆቻቸው እነማን ናቸው? ማንን ልጥራ?» አለቻት።

ምህረቴ የራሷንና የእህቷን ስም ነገረቻት። ጥቂት ዘግይታ «ይኸነው» አለች።

«አለ?»

«የለም።»

እህተማርያም ስሙን አንስታ በአገውኛ ስታወርደው፣ ልጁን በሕይወቱ ያውቁት የነበሩ ሽማግሌዎች ደረታቸውን መቱ። ምህረቴም አለቀሰች። እንባው ግን የድሮው አልሆነላትም። እያለቀሰች እንኳ ውስጧ ይጠይቃታል።

ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ እናትና ልጅ የእድሩን አግዳሚ ወንበር በሁለት ጫፍ ይዘው ወደ በሩ ተሸከሙ። መሃል ላይ ሲደርሱ ሉቃስ ቆመ።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው፤ አይደል?»

«እኔ ነኝ የተረጎምኩላቸው» አለችው።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አጎቴ ተርፎ ቢሆንስ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?»

ወንበሩ ከብዷት ወደ ጉልበቷ አስጠጋችው።

«አሁን በየቀኑ አስባለሁ» አለች። «ከፊልምህ በፊት ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። ሞቷል ብዬ አርፌ ነበር።»

ሉቃስ አንገቱን ደፋ። አድማሴ ከውጭ «ኧረ ወንበሩን አምጡ፣ ጋሪው እየጠበቀ ነው» ብሎ ተጣራ። ምህረቴ ጫፏን አነሳች፣ ልጇም የሱን አነሳ፣ ተሸክመው ወጡ።