የሐጃ ወንድም የወደቀበት ሸለቆ

አሠሪዬ በመርከብ ልንጓዝ መሆኑን የነገረኝ የእናቴ ስልክ መጥራት ባቆመ ሰሞን ነው።

ጅዳ ነበርኩ፤ ሁለተኛ ኮንትራቴን ይዤ። ዋናው ሥራዬ የአሠሪዬን እናት መንከባከብ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ሐጃ ይላቸዋል፣ እኔም ሐጃ ነበር የምላቸው። እግራቸው አልታዘዝ ካለ ቆይቷል። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን እገፋለሁ፣ የምተኛውም እሳቸው ክፍል ነው። ሰው የሚያስቸግሩ ሴት አልነበሩም። ሲከፋቸው ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ግን ቤቱን ሁሉ ያስጨንቅ ነበር።

ያን ጊዜ ጦርነቱ ወሎ ገብቶ ነበር። የእኛ አገር ከመርሳ ወጣ ብሎ ተራራው ሥር ነው። መጀመሪያ ቆቦ ተያዘ ተባለ፣ ቀጥሎ ወልዲያ፣ ከዚያ ወዲህ የሚያወራ ሰው ጠፋ። እናቴ ጋ ስደውል አንዲት ሴትዮ በተቀዳ ድምፅ "የደወሉላቸው ደንበኛ" ትላለች። ታናሽ ወንድሜ ጋ ስደውል ደግሞ ያቺም የለች፤ ጭር ይላል። እሷ እናቴ ጋ አንድ ነገር ትላለች፣ ወንድሜ ጋ ለምን ዝም ትላለች እያልኩ ምክንያት ስፈልግለት እውል ነበር።

አሠሪዬ የጦርነት ታሪክ የሚወድ ሰው ነው። ከመግሪብ በኋላ ሳሎን ይቀመጥና የሞባይሉን ካርታ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ይከፍተዋል። ያን ቀን ሻይ ይዤ ስገባ ባሕሩ በሙሉ ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

"ከጅዳ ተነስተን የዮርዳኖሱ ዓቀባ፣ ከዓቀባ ግብፅ፣ ከዚያ ወደ ቤት" አለ። "ዓቀባ የጥንት ምሽግ አለ። ግብፅ ደግሞ ወታደሮቹ የተዋጉባቸው ጉድጓዶች እንዳሉ ናቸው፣ ታንኮቹም እንደቆሙ ናቸው።"

"እኔ የምሄደው ለሽርሽር ነው" አለች ሚስቱ፣ ማዳም። "መርከቡ መዋኛ አለው፣ ገበያ አለው። የሞተ ሰው አገር ለማየት ማን ባሕር ይሻገራል?"

"ለእናቴ ብዬ ነው።"

ማዳም ወደ ሐጃ አየች። ሐጃ ጣታቸውን አንስተው ካርታው ላይ አንድ ቦታ አሳዩ። ከዓቀባ ወደ ሰሜን፣ አንድ ሸለቆ ነው። ልጃቸው ቦታውን ነካ አድርጎ ቀይ ምልክት አሳረፈበት። ሌሎቹን ጦርነት የነበረባቸውን ቦታዎችም እንዲሁ በቀይ እየነቆጠ ሄደ። ሻዩን እየቀዳሁ፣ ይኼኔ በእኛም አገር ካርታ ላይ እንዲህ ቀይ የሚያሳርፍ ሰው አለ ብዬ አሰብኩና ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ።

የሸለቆውን ነገር ሐጃ የነገሩኝ በማግስቱ ፀጉራቸውን ሳበጥር ነው። ልጅ ሆነው መካ ሲኖሩ ታላቅ ወንድማቸው ወታደር ሆኖ ወደ ዮርዳኖስ ተላከ። ጭነት መኪና ላይ ሆኖ እጁን ሲያውለበልብ አይተውታል። ከዚያ በኋላ ወደቀ የሚል ወሬ መጣ እንጂ አስከሬን አልመጣም፣ የተቀበረበትን ያየም የለም።

"ቦታውን ብቻ ማየት ነው የምፈልገው" አሉ። "አንቺም ትመጫለሽ። ያለ አንቺ ከአልጋ የሚያነሳኝ የለም።"

አሠሪዬ ፓስፖርቴን ለመውጫ ቪዛ ሊሰጥ መሆኑን ሲነግረኝ ኑዝላ ሰፈር ለምትኖር አንዲት ጓደኛዬ ደወልኩላት። እሷ ቤት ለቤት እየዞረች የምታጸዳ፣ ጅዳን ከእኔ በፊት የምታውቅ የደሴ ልጅ ናት።

"የሚመቱልሽ ኹሩጅ ወዓውዳ መሆኑን በዓይንሽ እይ" አለችኝ። "መውጫና መመለሻ ማለት ነው። ኒሃኢ ከሆነ ግን የመጨረሻ መውጫ ነው፤ ኸላስ፣ አለቀልሽ። ወደቡ ላይ ጥለውሽ ይመለሳሉ።"

"እነሱ እንደዚያ አያደርጉም።"

"እኔም የነበርኩበትን ቤት እንደዚያ ነበር የምለው" አለችና ዘጋችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ በጥርጣሬ መስማት ጀመርኩ። ማዳም ሻንጣ ስትገዛ ለእኔ ለምን ትንሽ ገዛች? አሠሪዬ ስለ እኔ በስልክ ሲያወራ ለምን ወደ በረንዳ ወጣ? ማታ ማታ ሁሉም ተሰብስበው ስለ ምሽጎችና ስለ ታንኮች ሲጫወቱ እኔ ማድ ቤት ቆሜ የወልዲያን ወሬ ስልኬ ላይ እፈልጋለሁ። አንዱ ሁሉም ደህና ነው ይላል፣ አንዱ ያለቀሰች እናት ያሳያል። ከሴትዮዋ ኋላ ያለው ግድግዳ የኛ ይሆን እያልኩ ደጋግሜ አየዋለሁ።

ከጉዞው በፊት ሐጃ ዑምራ ካላደረግሁ አሉ። በአሠሪዬ መኪና ወደ መካ ሄድን። ሹመይሲ ስንደርስ ፍተሻው ላይ መኪናው ቀስ አለ። እዚያ ያለውን ማጎሪያ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም፤ ወረቀት የሌለው ተይዞ የሚገባበት፣ ከዚያ በአውሮፕላን የሚጫንበት ነው። እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፤ በቦርሳዬ ይዤዋለሁ። ቢሆንም ፖሊሱ በመስኮቱ ሲያየኝ ቦርሳዬን መክፈት ጀመርኩ። አሠሪዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ከእኔ ጋር ናት" አለ። ፖሊሱ ትንሽ አየኝና በእጁ እለፉ አለ። ሐጃ እጄን ይዘውኝ ነበር። መቼ እንደያዙኝ አላወቅሁም።

መካ ውስጥ ዑተይቢያ የሚባል ሰፈር የእናቴ አክስት አሉ። ገና ወጣት ሳሉ ለሐጅ መጥተው እዚያው ያገቡ፣ እዚያው የወለዱ ናቸው። ከዐስር ሰላት በኋላ ሐጃን አስፈቅጄ ሄድኩ። ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ጫማ የሚሰፉ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው የተጠጋጋበት ሰፈር። አክስቴ በሩ ላይ እንዳዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። ክፉ ወሬ እንዳለ ያኔ ነው የገባኝ።

"ግቢ ልጄ፣ አረፍ በይ። ዑምራሽን አደረግሽ? አላህ ይቀበልሽ።"

"አክስቴ፣ ከአገር የሰሙት አለ?"

"ምን ወሬ አለ ብለሽ ነው። ውሃ ጠጪ።"

መስጊዱን ጠየቁኝ፣ ሙቀቱን ጠየቁኝ፣ የሐጃን እግር ጠየቁኝ። ሴት ልጃቸው ከጓዳ ሆና ትሰማለች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም፤ እዚያው ያደገች ናት። በዐረብኛ "ሐራም ነው እማ፣ ንገሪያት!" ብላ ጮኸች።

አክስቴ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት። ከመርሳ ሸሽታ ደሴ የገባች ሴት መካ ላለች ልጇ ደውላ ነበር። የኛ ሰፈር ሰው ሌሊቱን በእግሩ ወጥቷል። እናቴ ከወጡት ጋር ታይታለች። ወንድሜም አብሮ ወጥቶ ነበር፤ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ግን ከብቶቹ እንደታሰሩ ናቸው፣ ልፍታቸው ብሎ ተመለሰ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ያየው የለም። ደሴም አሁን ልትያዝ ነው ይላሉ። እናትሽም ከዚያ ወዴት እንደሄደች..." አሉና አቆሙ።

አላለቀስኩም። ወንድሜ ከብት የሚወድ ልጅ አልነበረም። ሞተር ሳይክል መግዛት የሚፈልግ፣ በሬዎቹን እንሽጥ እያለ ከእናቴ ጋር ሁልጊዜ የሚጨቃጨቅ ነበር። እንዴት እሱ ለከብት ይመለሳል? ይኼ ሌላ ሰው ነው ብዬ ተከራከርኩ። አክስቴ የውሃውን ብርጭቆ ወደ እኔ አስጠጉት።

ወዳረፍንበት ስመለስ ሐጃ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። "ማን ሞተብሽ?" አሉኝ በቀጥታ።

"እንጃ" አልኩ። "አይታወቅም።"

አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ ስለ እናታቸው ነገሩኝ። ወታደሩ ልጃቸው ከቀረ በኋላ እናትየዋ መኪና በመጣ ቁጥር እየወጡ የተመለሰውን ወታደር ሁሉ ይጠይቁ ነበር። አንዱ በሸለቆው ወደቀ ይላል፣ አንዱ ተራራው ላይ፣ አንዱ ደግሞ ተማርኮ በሕይወት አለ ይላል። ሁሉም የሚያጽናኗቸው እየመሰላቸው ነው።

"እናቴ በስተመጨረሻ የትኛውን እንደምታምን ጠፋት" አሉ። "ምግብ ስታቀርብ ለእሱም ታስቀምጥ ነበር። አንቺ እንደሷ አትሁኚ። ብዙ ሰው አትጠይቂ። በዓይኑ ያየ አንድ ሰው እስኪገኝ ታገሺ።"

"ኢንሻ አላህ" አልኩ።

ቪዛዬ መውጫና መመለሻ ሆኖ መጣ። አሠሪዬ ራሱ ከፍቶ አሳየኝ፤ ፍርሃቴን ሳያውቅብኝ አልቀረም። መርከቡ ላይ ወጣን። ከታች ሆኖ ሲያዩት የተኛ ሕንፃ ነው የሚመስለው። ልጆቹ እየሮጡ ጠፉ፣ ማዳም ሳቀች፣ ሙዚቃ ተከፈተ። ከወደቡ ስንርቅ የስልኬ ምልክት አንድ በአንድ ቀነሰና ጠፋ። እናቴ አሁን ብትደውል አታገኘኝም። ከሐጃ አጠገብ ቆሜ ባሕሩን ሳየው ጥቁር ነበር፤ የት እንደሚያልቅ አይታይም።

ዓቀባ ላይ አሠሪዬ መኪና ተከራይቶ ጠበቀን። ሁሉንም በሰዓት አቅዶት ነበር፤ ምሽጉን በጥዋት፣ ከዚያ ሸለቆውን፣ መርከቡ ሳይነሳ መመለስ። ማዳምና ልጆቹ ከተማው ውስጥ ቀሩ። እኛ ሦስታችን ወደ ሰሜን ነዳን። በአንድ በኩል ቀይ ተራራ፣ በሌላ በኩል ነጭ ጨዋማ ሜዳ። ሙቀቱ ያፍናል። ቦታው ስንደርስ ሐጃ ያሰቡት ዓይነት ነገር አልነበረም። የቲማቲም እርሻ ነው፤ በላስቲክ የተሸፈነ፣ እስከ ዓይን መጨረሻ።

አሠሪዬ ወርዶ ካርታውን እያየ ከመንገዱ ወጣ። ከእርሻው ማዶ ድንጋያማ ቦታ ነበር፣ ወደዚያ መራመድ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከላስቲኩ ውስጥ እየጮኸ ወጣ።

"ቁም! እንዳትንቀሳቀስ! በረገጥክበት ተመለስ!"

አሠሪዬ ደረቀ። ገበሬው እስኪመለስለት ድረስ እጁን እንደዘረጋ ቆመ። "ፈንጂ አለ" አለ። "ለቅመናል ይላሉ፤ ግን ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ያወጣዋል። ባለፈው ፍየሌን በላብኝ።"

አሠሪዬ መኪናው ጋ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ስለ አጎቱ ጠየቀው። ገበሬው እኔ እዚህ ከመምጣቴ በፊት የሆነ ነው፣ እዚያ ድንጋዩ ጋ የተቀበሩ ወታደሮች አሉ ሲባል እሰማለሁ፣ የማን ወታደሮች እንደሆኑ ግን አላውቅም አለ።

ሐጃ ከመኪናው አልወረዱም። መስኮቱን አስከፈቱኝና ድንጋያማውን ቦታ ረዥም ጊዜ አዩት። ለወንድማቸው ከቁርዓን ፋቲሓን ቀሩለት። ከዚያ "ያላ፣ ልጄ፣ እንሂድ" አሉት ልጃቸውን። "እዚያ ይሁን አይሁን አላውቅም። ደከመኝ።"  ግብፅ ስንደርስም ለታንኮቹ ማንም አልወረደም፤ አሠሪዬ ራሱ ዳግመኛ አላነሳውም።

ጅዳ በተመለስን በሳምንቱ ገደማ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። እናቴ ነበረች። ደብረ ብርሃን፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተፈናቀሉ ሰዎች ጋር። ሽሮ የለም፣ ብርድ ልብስ ሰጡን፣ አላህ ይስጣቸው እያለች በጥድፊያ አወራች።

"እማ፣ ወንድሜስ?"

"ከብቶቹን ይዞ ወደ ቆላ ወርዶ ይሆናል" አለች። "ሣር እዚያ ነው ያለው።"

ከዚያ ስለ ብርድ ልብሱ እንደገና ነገረችኝ።

የኛ አገር መንገድ ሲከፈት አሠሪዬን ሄጄ ኒሃኢ ምታልኝ አልኩት፤ ያን የፈራሁትን የመጨረሻ መውጫ። ኮንትራቴ ስላላለቀ አንገራገረ። ሐጃ ከክፍላቸው ሆነው "ምታላት!" አሉ፤ ሌላ ክርክር አልነበረም። ስሰናበታቸው እጃቸውን ሳምኩ፣ እሳቸው ግንባሬን ሳሙኝ። 

እናቴ ወደ ቤቷ ተመልሳ ነበር። ጣሪያው ግማሹ የለም። እንደደረስኩ ጎረቤቶች ተሰበሰቡ፤ አንዱ አፋር አይተውታል አለኝ፣ አንዷ ታሞ ሆስፒታል ነው አለችኝ። ዝም ብዬ ሰማኋቸው። ወፍጮ ቤት ያለው ሽማግሌ ጎረቤታችን ብቻ ምንም አላለም፤ ወደ መሬት ያያል። ሰዉ ሲበተን ተከትዬው ሄድኩ።

"አባባ፣ እርስዎ አይተዋል?"

"አይቻለሁ ልጄ" አለኝ። "እግሬ ስለማይችል አልወጣሁም ነበር። ከብቶቹን ፈትቶ፣ እኔንም በጀርባው ሊያዝለኝ መጣ። በሩ ላይ ነው የተመታው። ጥይቱ ከማን እንደመጣ አላውቅም፣ ከየአቅጣጫው ነበር የሚተኮሰው። ሰዉ ሁሉ ስለሄደ ብቻዬን ነው የቀበርኩት። በደንብ አልቆፈርኩለትም፤ ይቅር በሉኝ። ለእናትሽ መንገር አቃተኝ።"

ከወፍጮ ቤቱ ኋላ፣ ከግራሩ ሥር ነው። አጭር መቃብር ነበር፤ ድንጋዩ ሳይስተካከል የተደረደረ።

ለእናቴ ያን ዕለት ከሰዓት ነገርኳት። አልጮኸችም። ነጠላዋን ለበሰች፣ ጀሪካን ውሃ አንስታ "ምሪኝ" አለች። ሽማግሌው ቆሞ ሲያለቅስ እሷ ተንበርክካ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳችና እንደገና ደረደረቻቸው፤ የተጣመመውን እያቃናች፣ ትንንሹን በትልልቁ መሃል እያስገባች። ልረዳት እጄን ስዘረጋ መለሰችው። ስትጨርስ ውሃውን ከራስጌው ጀምራ አፈሰሰችለት።