የተሳመው በር

ባለፈው ሳምንት ሊዲያ ደወለችልኝ። እዚሁ ሲያትል፣ የድሮ የሕንፃ ሞዴሎች በሚጠበቁበት ቤት የምትሠራ ወጣት ናት።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቤተ ክርስቲያን ቢጫ ሆኗል፤ ክራክም አድርጓል። የኮምፒውተር ፋይሉን ደግሞ ኦፕን ማድረግ አልቻልንም። ሶ፣ ያለን ይሄ ብቻ ነው። የተበላውን በር ሞልቼ እንደ መጀመሪያው ላድርገው?»

አስቤ እነግርሻለሁ አልኳት።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ጀማሪ አርክቴክት ነበርኩ። አብሬያቸው የማስቀድሰው ምእመናን ከከተማው ደቡብ፣ ዋይት ሴንተር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት አስበው ንድፉን ለእኔ ሰጡኝ። ቢሯችን ያኔ የኮምፒውተር ሥዕልን በሞዴል መልክ የሚያትም ማሽን አስገብቶ ነበር፤ ነጭ ዱቄት በስሱ እየነሰነሰና እያጣበቀ ሲደራርብ ይውላል። ሲጨርስ ዱቄቱን በብሩሽ ስጠርግ መጀመሪያ ጉልላቱ፣ ቀጥሎ ክቡ ግድግዳ፣ በመጨረሻ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ በር ብቅ አለ። ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ የነበረ ነገር! እጄን በአፌ ጫንኩ።

አለቃዬ ሞዴሉን ሰኞ ለኤግዚቢሽን ይፈልገው ነበር። «ሙጫ ሳትቀባው ማንም እንዳይነካው፤ ርጥበት ያሟሟዋል» ብሎኛል። እኔ ግን ያኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እሑድ ለምእመናኑ ላሳይ ብዬ፣ በዚያ በማያባራ የኖቬምበር ዝናብ፣ የመኪናዬ ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አስሬለት ሄድኩ።

በተከራየነው አዳራሽ ቅዳሴው አልቆ የሱፍ ፍትፍት ሊቀርብ ሲል ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ከፌደራል ዌይ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው የሚመጡት እማማ ብርቄ ትንሽ ቆመው አዩት። ከዚያ ያጠለቁትን ጫማ መልሰው አወለቁና ጎንበስ ብለው በሩን ሳሙት።

«እማማ፣ አይነካም! ይሟሟል!»

«በሩን ሳልስም እንዴት ብዬ ልግባ ልጄ?»

ዞር ስል ሁሉም ጫማውን አውልቆ ተሰልፏል። ማስቆም ነበረብኝ፤ ከሥራ የሚያስባርር ጥፋት ነው። እኔ ግን የበሩ ጠርዝ በከንፈር ርጥበት እየለሰለሰ፣ እየጎደለ ሲሄድ ቆሜ አየሁ። ፈርቼ ነበር፤ መደነቄ ግን ፍርሃቴን በለጠው።

ሰኞ ለአለቃዬ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። በሩን በአጉሊ መነጽር ብዙ ቆይቶ አየው። «ሌላ እንዳታትም» አለኝና ራሱ ተሸክሞ ወደ ኤግዚቢሽኑ ወሰደው።

ቤተ ክርስቲያኑ አልተሠራም። ምእመናኑ ኦቴሎ አካባቢ የቆየ ሕንፃ አግኝተው ገቡ፤ እማማ ብርቄም አርፈዋል። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕንፃ ነድፌያለሁ፤ ሰው እንደዚያ ሲገባበት ያየሁት ግን ያንን ያልተሠራውን ብቻ ነው።

ትናንት ለሊዲያ ደወልኩ።

«ስንጥቁን ጠግኚው። በሩን ግን ተይው።»

«ዳሜጅ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«አይደለም ልጄ፤ ተገብቶበት ነው።»