ወረቀቱን ዘቅዝቃ የያዘችው ሴት

የተያዝኩት ጠመኔ በእጄ እንዳለ ነው። ቀን የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ፤ ማታ ደግሞ በቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት ክፍል የሰፈሬን ሰው ፊደል አስቆጥር ነበር። በዚያ ምሽት ተማሪዎቼን ከመጽሐፉ መገልበጡ ይብቃችሁ፣ ዛሬ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉ አልኳቸው። አንድ ልብስ ሰፊ ተነሥቶ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «በኅብረት ሱቅ ስኳር የለም» ብሎ ጻፈ። ከራሱ አውጥቶ የጻፈው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንድ ፊደል አልሳተም። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበለት። ጭብጨባው ነው መሰለኝ በዚያ የሚያልፉትን የአብዮት ጥበቃዎች የጠራቸው።

ገብተው ሰሌዳውን አዩ። ማነው የጻፈው አሉ። ልብስ ሰፊው ቤት ሙሉ ልጅ ነው ያለው። እኔ ነኝ አልኩ። ጀግንነት አይምሰላችሁ፣ ተናድጄ ነው። ስኳር እንደሌለ እነሱም ያውቃሉ፣ ቤታቸውም የለም፤ ወንጀሉ መጻፉ ነበር። አስተምሩ ያሉን እነሱ፣ የተማረው ሰው ያየውን ሲጽፍ የሚያስሩን እነሱ!

ያስገቡኝ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነው። መስኮቱ በብሎኬት ተደፍኗል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ መሐሉ ላይ የቆየ የሞተር ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ሴቶች ግድግዳ ግድግዳውን ይዘን እንተኛለን እንጂ ያ ጥቁር ቦታ ላይ ማንም ጎኑን አያሳርፍም። የዘይቱ ሽታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አሁን ጄኔቭ፣ ሊኞን የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው፤ ከሕንፃችን ሥር መኪና ማቆሚያ አለ፣ በዚያ በኩል አልገባም። ዝናብም ቢሆን ዞሬ ነው የምገባው። ጎረቤቴ ሲያየኝ ይስቃል፣ ይሳቅ።

የቀበሌ እስር ቤት ክፋቱ አሳሪውም ታሳሪውም የአንድ ሰፈር ሰው መሆኑ ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ መጀመሪያ ያየሁት ሽንኩርት የምትሸጥልኝን ሴትዮ ነው። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጉሊት ነበራት። እትዬ ነበር የምላት፣ እዚያም እትዬ አልኳት። ልጇ ተማሪ ነበር፤ ሊይዙት ሲመጡ አጡት፤ እሱ እስኪገኝ አንቺ ትቆያለሽ ብለው እናቱን ወሰዱ። እንዲህ ያለ ፍርድ የት አገር አለ? ቤቷ የቀረችው አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ብቻ ነበረች። ልጅቷ ጉሊቱን ትጠብቃለች፣ በምሳ ሰዓት የእናቷን ምግብ ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ባዶውን ሳህን ተቀብላ ትመለሳለች። እናትና ልጅ አይገናኙም። እትዬ ከብረት በሩ ሥር ባለው ክፍተት የልጇን እግር ታያለች። አንድ ቀን ጫማዋ ተቀደደ ብላ ስታለቅስ ውላለች።

በዚህ መሐል ነው የቀበሌው ሊቀመንበር ጋራዡ ድረስ የመጣው። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ አለ። ቀበሌያችን ከመሃይምነት ነፃ ሊባል ነው፣ እስር ቤቱም ጭምር። ዞር ዞር ብሎ አየንና በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። አንቺ አስተምሪያቸው፣ ሥራሽ አይደል? አለኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ላስተማርኩ ታሰርኩ፣ ታስሬ ደግሞ አስተምሪ ተባልኩ። ልቤ እንቢ በይው አለኝ። ሰውዬው ግን አንድ ነገር ጨመረ። በእንግዶቹ ፊት አጥርቶ ያነበበ ይፈታል አለ። እትዬ ቀና ስትል አየኋት። ወዲያው እሺ አልኩ።

መጽሐፍ አልነበረንም። ሰሌዳችን ወለሉ፣ ጠመኔያችን ከሰል ነው። ያን ማንም የማይተኛበትን ጥቁር ቦታ ከበን እንቀመጣለን፣ እኔ ጠርዙ ላይ እጽፋለሁ። ሌሎቹ ሀሁን እንደ ዜማ ይዘውት ይሄዱ ነበር። እትዬ ግን ዜማው አልያዝላት አለ፤ እሷ ዕቃ ካልጨበጠች አይገባትም። «መ»ን ስታይ ሁለት ሽንኩርት ጎን ለጎን ነው አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መ»ን ረስታ አታውቅም። «በ»ን ደግሞ ክዳኑ ያልተነሣለት ሣጥን አለችው። ስታነብ አንድ ልማድ ነበራት፣ የቀኝ አውራ ጣቷ ሌባ ጣቷ ላይ ይሽከረከራል፣ ሽንኩርት እንደምትልጥ። አፏ ሳይከፈት ጣቷ ከተንቀሳቀሰ እያነበበች ነው ማለት ነው። በዚህ እንስቅባት ነበር። ጣትሽ ቀድሞሽ ጨረሰ እንላታለን።

አንድ ቀን ውሃ የምንጠጣበትን ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አገላብጣ ስታይ ቆየችና፣ «አይ-ሸ-ጥም» አለች። የእርዳታ ዘይት ነበር። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ይሄ ነው እንዴ የተጻፈው? እኔ እኮ ይሄን ዘይት ከቀበሌው ሰዎች ስገዛ ነው የኖርኩት! አለች። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ጠባቂው በሩን ደበደበ። የዚያን ቀን ሳቅ ዛሬም ሳስበው ይሞቀኛል።

የእንግዶቹ ቀን ደረሰ። ቪላው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። የሰፈሩ ሰው ተጠርቶ ከአጥሩ ሥር ቆሟል፣ የእትዬ ልጅም ከሰው መሐል ነበረች። ታሳሪዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ሊቀመንበሩ የሚሰጣቸውን ወረቀት ያነባሉ። አንዷ ስለ ንጽሕና አነበበች፣ አንዷ ስለ ምርት። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። እትዬ ተራዋ ሲደርስ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣው። እኔ አጠገብዋ ነበርኩ፣ ታይቶኛል፤ በራሱ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው። «አናርኪስት ልጇን የደበቀች እናት የሕዝብ ጠላት ናት» ይላል።

ይህን በልጇ ፊት፣ በጎረቤቶቿ ፊት፣ በገዛ አፏ እንድትለው ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሁለቱን ሽንኩርት፣ ሣጥኑን፣ አንድ በአንድ የሰጠኋት ለዚህ ኖሯል? ደሜ ፈላ። እሷ ወረቀቱን ተቀበለች። አውራ ጣቷን አየሁት። ይንቀሳቀሳል። እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረና ደግሞ ሄደ። ካነበበች ማታ ቤቷ ናት። ልጇ አጥሩ ሥር ተንጠራርታ ታያታለች።

ጣቷ ቆመ። ቀስ ብላ ወረቀቱን ዘቀዘቀችው። ዘቅዝቃ ያዘችውና ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ከሰዉ መሐል አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፣ እንግዶቹም ሳቁ።

«ጓዶች፣ እኔ መሃይም ነኝ» አለች። «ከሽንኩርት በቀር የማውቀው የለም።»

የሊቀመንበሩ ፊት ቀላ። ወደ እኔ ዞረ። ይቺ ሴትዮ ማንበብ ትችላለች ተብሎ ተነግሮኛል፣ ትችላለች ወይስ አትችልም? አለኝ። ትችላለች ብል እሷን መግደሌ ነው። አትችልም ብል የኔ ነገር አለቀለት። እትዬ አላየችኝም፣ መሬት መሬት ነው የምታየው።

«ገና ናት» አልኩ።

አሻጥረኛ ተባልኩ። ሆን ብላ የሰፊውን ሕዝብ ዕውቀት የደበቀች ተባልኩ! ይሄን ያለኝ ሰው የእርዳታ ዘይት የሚሸጠው ሰው ነው። ወፌ ላላ ገለበጡኝ፣ አንጠልጥለው ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ስለሱ ብዙ አላወራም፣ ዛሬም ብርድ ሲገባ ውስጥ እግሬ ያወራልኛል። ወደ ጋራዡ ሲመልሱኝ በጉልበቴ ነው የገባሁት። እትዬ ነጠላዋን ቀድዳ እግሬን አሠረችልኝ። ሁሉም ዝም ሲል ጠጋ አለችኝ።

«አንብቤዋለሁ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ዓይኔ ያንብበው፣ አፌ ግን የኔ ነው።»

ከዚያ ከሰሉን አንሥታ በጥቁሩ ቦታ ጠርዝ ላይ አንድ ስም ጻፈች። የወንድ ልጇን ስም። እዚህ አልጽፈውም። ማንም አላስጻፋትም፣ ማንም አልደገፋትም። ድምጿን አውጥታ አነበበችውና በመዳፏ አብሳ አጠፋችው። ማንበቧን ለማንም እንዳንናገር እኔንም ሌሎቹንም አስማለች። ካወቁ ሌላ ወረቀት ያመጡልኛል አለች። እኔም ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ለምንም አትሆንም ብለው ከብዙ ወራት በኋላ ለቀቋት። እኔ ሌላ እስር ቤት ተዛወርኩ፣ በስተኋላ ተፈታሁ፣ ከአገር ወጣሁ። ወንድ ልጇ አልተመለሰም። ትንሿ ሴት ልጅ አድጋ ከአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ጋር በሞግዚትነት ወደ ስዊስ መጣች፤ እዚሁ ቀረች። እናትየው ደርግ ሳይወድቅ ሞተች። እስክትሞት ድረስ ቀበሌ ስትጠራ ጣቷን ቀለም እየነከረች ትፈርም ነበር አሉ።

ልጅቷ፣ አሁንማ እሷም ወደ ጡረታዋ እየተጠጋች ነው፣ ዙሪክ፣ አፎልተርን በሚባል ሰፈር ትኖራለች፣ በአረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው። በዓል በመጣ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፤ እሷ ደግሞ እኔን እትዬ ትለኛለች። ባለፈው ዓመት በቅርብ ለመጡ ሴቶች የቅዳሜ ትምህርት ልትከፍት መሆኑን ነግራኝ ነይ እርጂኝ አለችኝ። አንዳንዶቹ በአማርኛም አያነቡም፤ ከፊደል ተጀምሮ ሌበንስላውፍ እስከ መጻፍና ለሥራ ቃለ መጠይቅ እስከ መቅረብ ነው። እኛ ጄኔቭ ሴቬ የምንለውን፣ ለቀጣሪ የሚሰጠውን የትምህርትና የሥራ ታሪክ፣ እነሱ ሌበንስላውፍ ይሉታል። በባቡር ሄድኩ።

በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ ከሴቶቹ ፊት ቆማ ይሄን ትምህርት ለምን እንደከፈተች ተናገረች። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ነው የሞተችው አለች። ሰው ሁሉ እያያት ወረቀት ዘቅዝቃ ይዛ ሲሳቅባት ቆሜ አይቻለሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፣ እናንተ ልጆቻችሁን እንዳታሳፍሩ አለች።

በደጉ ቀን እንኳ ምላሴን መያዝ አልችልበትም። መሐላ አለብኝ፣ አውቃለሁ። ግን መሐላው ከሊቀመንበሩ ሊሸሽጋት ነው እንጂ ከልጇ ሊሸሽጋት ነው? እጇን ይዤ ከአዳራሹ አወጣኋት። ውጪ ትራም ማቆሚያው ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱ ምን ይል እንደነበር፣ አፌ የኔ ነው ማለቷን፣ ጣቷን ጭምር። እየተናደድኩ ነው የነገርኳት። ሴትዮዋ ያን ሁሉ ለፍታ የተማረችውን ፊደል እንደተሰረቀ ዕቃ ደብቃው ሞተች፤ ያ ሊቀመንበር ደግሞ ቀበሌዬን ከመሃይምነት ነፃ አወጣሁ ብሎ ተሸለመ። እንዴት አያንገበግብ!

ትራም መጣ፣ ሄደ።

«ጎረቤታችን ነበረች ደብዳቤዬን የምታነብላት» አለች ልጅቷ። «ያቺ ጎረቤት፣ ‹አንብቤላት ስጨርስ ትቀበለኝና ብቻዋን ደጅ ትቀመጣለች፣ ደብዳቤውን ታያለች፣ ጣቷ ብቻ ሽንኩርት እንደሚልጥ ይንቀሳቀሳል፣ አእምሮዋ ሳይነካ አልቀረም› ብላ ጽፋልኝ ነበር። ለዚያ እኮ ነው ለእናቴ መታከሚያ ገንዘብ የላክሁት፣ እትዬ።»

«ታነብ ነበራ» አልኳት።

አለቀሰች። እኔም። ከዚያ ፊቷን ጠራርጋ ተነሣችና ቀድማኝ ገባች። ሴቶቹ ይጠብቁናል። ቅድም የተናገርኩት ስሕተት ነው አለቻቸው፣ በዚያው ድምጽ፣ ሳትቀንስ ሳትጨምር። እናቴ ታነብ ነበር አለች። ከዚያ ትምህርቱን ጀመረች።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሊኞን እሄዳለሁ። ከአዲሶቹ አንዷ እንድታነብ ስትጠየቅ ሁልጊዜ አልችልም ነው የምትለው። አስተርጓሚ ሆኖ የሚረዳን ሰውዬ ትንሽ ዘገምተኛ ናት ይላል። ልጅቷ አታስገድዳትም። አጠገቧ ትቀመጥና ጣቶቿን ታያለች።